እጅ ፈጥኖ ሲኒ ሲያንስ፦ መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ከጅማ ሆኖ መግዛት

የእህቴ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ባለፈው እሑድ ቤት መጣና ቡናው ገና እየተቆላ ስልኩን ዘረጋልኝ። ሁለት ፎቶ ነው። ሁለቱም ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ፤ ኮምፒውተር ላይ የጌሙን ምስል የሚሠራው ዕቃ። አንዱ አርቲኤክስ 3070፣ ሌላው አርቲኤክስ 3060። የተጠራባቸው ዋጋ ያን ያህል አይራራቅም።

«ጋሼ፣ 3070 ነው አይደል የሚሻለው? ቁጥሩም ይበልጣል።»

ቁጥሩማ ይበልጣል። ፍጥነቱም ይበልጣል፣ ያውም በደንብ። እኔ ግን 3060ውን ያዝ አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

አልቀለድኩም። 3070 በኦክቶበር 2020 ሲወጣ ዋጋው 499 ዶላር ነበር። የያዘው ሜሞሪ 8 ጊጋ ነው። 3060 ደግሞ በፌብሩዋሪ 2021 በ329 ዶላር ወጣ። እሱ 12 ጊጋ ይዟል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ የምጽፈው የካርድ ዕድሜ በዚያ ስለሚቆጠር ነው።) ርካሹ ከውዱ የበለጠ ሜሞሪ ይዞ መጣ። ያኔ ብዙ ሰው «ለዚህ ደካማ ካርድ 12 ጊጋ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ነበር። እኔም ካሉት ውስጥ ነኝ።

ልጁ አላመነኝም። ባለቤቴ ረከቦቱን ስላቀረበች ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም።

«ስንት ሲኒ አለ?» አልኩት። ቆጠረ። ስምንት።

እሷ ስትቀዳ እጇ ፈጣን ነው። ስምንት ሰው ካለ ባንዴ ታዳርሳለች። አሥራ ሁለት ሰው ቢመጣስ? የእጇ ፍጥነት አሁን ዋጋ የለውም። አራት ሲኒ ከጎረቤት መዋስ አለበት። ልጅ ይላካል። ጎረቤት በር እስኪከፍት፣ ሲኒው ተፈልጎ እስኪገኝ፣ ታጥቦ እስኪመጣ እንግዳው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጀበናው ሙሉ ነው፣ ቀጂዋም ዝግጁ ናት፣ ግን ምንም አይቀዳም።

እጇ የካርዱ ቺፕ ነው። ሲኒው የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው፤ ቪራም የሚባለው። ጎረቤት የኮምፒውተሩ ራም ነው። ወደ ጎረቤት የሚወስደው መንገድ ደግሞ ካርዱ የሚሰካበት ማስገቢያ ነው፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይሉታል። የመንገዱ ነገር ለኛ አገር ኮምፒውተሮች ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ጌሙ እየሄደ እያለ ሜሞሪው ውስጥ የሚቀመጠው ብዙ ነው። የግድግዳው፣ የልብሱ፣ የፊቱ፣ የአፈሩ ሥዕል አለ፤ ቴክስቸር የሚባለው። ትልቁን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው እሱ ነው። የዕቃዎቹ ቅርጽ አለ። ጥላ አለ። ስክሪኑ ላይ ሊወጣ የሚዘጋጀው ምስልም ቦታ ይፈልጋል። ሬይ ትሬሲንግ ሲከፈት ደግሞ ብርሃኑ የቱ ጋ እንደሚያርፍ የሚሰላበት ተጨማሪ መዝገብ ይገባል። እነዚህ ሁሉ ካርዱ ላይ ከበቁ ሰላም ነው። ካልበቁ ጎረቤት ነው።

ሰኞ ከሰዓት፣ ፈረንጅ አራዳ

በወሬ ብቻ የሚያምን ልጅ ስላልሆነ፣ በማግስቱ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወደማውቀው አንድ ጠጋኝ ይዤው ሄድኩ። የ3070ው ባለቤት ካርዱን ለሙከራ እዚያ ትቶት ነበር። ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ ለመሰማማት መጮህ ነበረብን።

ጠጋኙ በ2023 ከወጡት ከባድ ጌሞች አንዱን ከፈተ። ሞኒተሩ ተራ 1080 (1920 በ1080 ነጥብ) ነው። ሴቲንጉን ሁሉ ጣሪያ አደረሰው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሁለት ቁጥር አወጣልን፤ አንዱ ፍሬም፣ ማለትም በሰከንድ የሚወጣው ምስል ብዛት፣ ሌላው የተያዘው ሜሞሪ።

ፍሬሙ ያኮራል። ከ70 በላይ ይላል። ልጁ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። የሜሞሪውን ቁጥር ተመልከት አልኩት። 6 ጊጋ። 7። 7 ተኩል። ገጸ ባሕሪው ከቤት ወጥቶ ወደ ከተማው ሲዞር ቁጥሩ 8 አፋፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ስክሪኑ ለአንድ አፍታ ደረቀ። ተንቀሳቀሰ። እንደገና ደረቀ። ግድግዳው አጠገብ ስንደርስ ጡቡ እንደ ቀለጠ ሳሙና ሆኖ ነበር፤ ከሦስት አራት ሰከንድ በኋላ ነው ጡብ የሆነው።

ልጁ የካርዱ ችግር መሰለው።

«አብሽር፣ ካርዱ ጤነኛ ነው» አለው ጠጋኙ። «ቦታው ነው ያነሰው።»

ከዚያ ቴክስቸሩን ብቻ ከጣሪያው ወደ መካከለኛ አወረደው። መድረቁ ጠፋ። ጌሙ እንደ ቅቤ ሄደ። ልጁ ወደኔ ዞረና «ይኸው ሠራ!» አለ።

ልክ ነው፣ ሠራ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። 8 ጊጋ ያለው ካርድ ሞቷል የሚሉ ሰዎች ያጋንናሉ። ነገር ግን የሆነውን በደንብ እዩት። ቺፑ አልደከመም። ፍጥነት ተርፎታል። ሥዕሉን ያወረድነው ማስቀመጫ ስላጣ ነው። 3060ው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ፍሬሙ ዝቅ ይላል፤ ጥላና ሬይ ትሬሲንግ መቀነስ ይኖርብሃል። ቴክስቸሩን ግን እላይ ትተወዋለህ።

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቴክስቸር ቦታ ይበላል እንጂ ፍጥነት እምብዛም አይበላም። ቦታው ካለ ከፍተኛ ቴክስቸር በነጻ የሚገኝ ውበት ነው ማለት ይቻላል። ለዓይን ደግሞ ከሁሉም ሴቲንግ በላይ የሚታየው እሱ ነው። ጥላው ትንሽ ቢሻክር ማን ያያል? ፊት ላይ ያለ ቆዳ ላስቲክ ሲመስል ግን ሁሉም ያያል። ፍጥነት ያነሰው ካርድ እያደር የሚቀነስለት ብዙ ነገር አለ። ቦታ ያነሰው ካርድ ቴክስቸሩን ይቀንስና ከዚያ በኋላ መፈናፈኛ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ፍሬም ሲለካ ብዙ ጊዜ የሚነገረው አማካዩ ነው። አማካዩ መድረቁን ይደብቃል። ለ59 ሰከንድ ፈጥኖ ለአንድ ሰከንድ የሚቆም ጌም በአማካይ አሪፍ ነው፤ ሲጫወቱት ያበሳጫል። ስለዚህ የሙከራ ቪዲዮ ስታዩ ዝቅተኛውን ቁጥር ፈልጉ፤ «1 በመቶ ዝቅተኛ» የሚባለውን። አንዳንዱ ጌም ደግሞ ጭራሽ አይደርቅም፤ ዝም ብሎ ሥዕሉን ያበላሻል። ያኔ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም፣ በዓይን ማየት ብቻ ነው።

ለምን አሁን?

8 ጊጋ ያለው ካርድ ለመካከለኛ ገዢ የደረሰው በ2016 በአርኤክስ 480 ነው። እስከዛሬም መካከለኛ የሚባለው ካርድ በ8 ጊጋ ይሸጣል። በመሀል ጌሙ ተለወጠ።

የለወጠው ፕሌይስቴሽን ነው። ትልልቅ ጌሞች የሚሠሩት መጀመሪያ ለኮንሶል ታስበው ነው። በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 በጠቅላላው 8 ጊጋ ሜሞሪ ነበረው። ከዚያ በኋላ ባለ 2 ጊጋ ካርድ የያዙ ሰዎች ባጭር ጊዜ ጉድ ሆኑ። ጂቲኤክስ 960 በ2 እና በ4 ጊጋ ይሸጥ ነበር፤ ቺፑ ያው ነው፤ ባለ 4ቱ ግን ዓመታት ተረፈ። በኖቬምበር 2020 ፕሌይስቴሽን 5 በ16 ጊጋ መጣ። ሜሞሪው ለሲስተሙም ለጌሙም ለሥዕሉም የጋራ ነው፤ ሁሉም ለሥዕል አይሆንም። ቢሆንም ከ8 ጊጋ በላይ የሚተርፍ ነው።

ለሁለት ዓመት ያህል ጌም ሠሪዎቹ አሮጌውን ኮንሶል ስላልተዉት ልዩነቱ አልታየም። በ2023 መጀመሪያ መታየት ጀመረ። በማርች «ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት ዋን» ለኮምፒውተር ሲወጣ የ3070 ባለቤቶች በሁለት ዓመት ተኩል ካርዳቸው ቴክስቸር ቀንሱ ተባሉ። እርግጥ ያ ጌም ሲወጣ በራሱ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ በኋላ አስተካክለውታል፣ የሜሞሪ አጠቃቀሙም ተሻሽሏል። አቅጣጫው ግን አልተመለሰም። በዲሴምበር 2024 የወጣው «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል» 8 ጊጋን መነሻ አደረገው፤ ሬይ ትሬሲንግ የማይችል ካርድም አይቀበልም። በ2016 የቅንጦት የነበረው ቁጥር በስምንት ዓመቱ የመግቢያ ቲኬት ሆነ።

ሌላውን ወገንም ልንገራችሁ። ብዙው የዓለም ተጫዋች አሁንም በ8 ጊጋና ከዚያ በታች ነው የሚጫወተው። ጌም ሠሪ ደግሞ ገዢውን አያባርርም። ስለዚህ በዝቅተኛ ሴቲንግ 8 ጊጋ ገና ይቆያል። ዶታ፣ ካውንተር ስትራይክ፣ ቫሎራንት፣ ኳስ ብቻ ለሚጫወት ሰው ይህ ሁሉ ጭንቀት ትርፍ ነው። 8 ጊጋ ይበቃዋል፤ 6ም ይበቃዋል። ጅማ ውስጥ የማውቀው ተጫዋች ግማሹ እንዲህ ነው። እሱ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ትቶ ቢጫወት አልቀየምም።

«ሞኒተሬ 1080 ስለሆነ 8 ይበቃኛል» የሚለው ክርክር ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ሬዞሉሽን (የስክሪኑ ነጥብ ብዛት) ሲያንስ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ምስል የሚይዘው ቦታ ይቀንሳል። የግድግዳው ሥዕል ግን ሞኒተራችሁ ትንሽ ስለሆነ አያንስም። ምስሉን በትንሹ ሠርተው የሚያሳድጉት ዲኤልኤስኤስና ኤፍኤስአርም ትንሽ ቦታ ያስለቅቃሉ። በፍሬሞቹ መሀል ተጨማሪ ፍሬም የሚፈጥረው ፍሬም ጄኔሬሽን ግን የራሱን ቦታ ይፈልጋል። 8 ጊጋው ሞልቶ እሱን መክፈት የሞላ ታክሲ ላይ አንድ ሰው መጨመር ነው።

ካምፓኒዎቹ ለምን አይጨምሩም?

አንዱ ምክንያት ስሌት ነው። በነዚህ ካርዶች ላይ አንድ የሜሞሪ ቺፕ የሚገናኘው በ32 ቢት መስመር ነው። የተለመደው ቺፕ 2 ጊጋ ይይዛል። ካርዱ 128 ቢት ከሆነ አራት ቺፕ፣ ማለትም 8 ጊጋ። 192 ቢት ከሆነ ስድስት ቺፕ፣ 12 ጊጋ። 3060 192 ቢት ስለሆነ ምርጫው 6 ወይ 12 ነበር። 6 ማድረግ ስለሚያሳፍር 12 ሆነ ብዬ ነው የምገምተው። 3070 ደግሞ 256 ቢት ነው። ስምንት ቺፕ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ግን 1 ጊጋ ብቻ። ውጭ አገር ቺፖቹን ነቅለው ባለ 2 ጊጋ እየበየዱ 3070ን 16 ጊጋ ያደረጉ ጠጋኞች አሉ። ለኛው ጠጋኝ ስነግረው ዓይኑ በራ። በል በሰው ካርድ አትሞክረው አልኩት።

128 ቢት ሆኖ 16 ጊጋ ማድረግም ይቻላል። ቺፖቹን በቦርዱ ፊትና ጀርባ መደርደር ነው። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16ቱ እንዲህ የተሠራ ነው። ባለ 8ቱም በዚያው ስም ይሸጣል። በኤፕሪል 2025 ሲወጡ 379 እና 429 ዶላር ነበሩ። የኤኤምዲው አርኤክስ 9060 ኤክስቲ በጁን 2025 በ299 እና በ349 ወጣ። በሁለቱም ልዩነቱ 50 ዶላር ነው። ቺፑ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ዕድሜው ግን የተለያየ ነው። ይህ ለኔ ማወናበድ ነው። ካርቶኑ ላይ ትንሿን ጽሑፍ ያላነበበ ሰው ሪቪው ያየው የባለ 16ቱን፣ ይዞ ቤቱ የሚገባው ባለ 8ቱን ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ገበያ ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ የሚሸጡት ውድ ካርዶች አንዱ መስህባቸው ሜሞሪያቸው ነው። ርካሹ ካርድ ብዙ ሜሞሪ ቢኖረው የውዱን ገበያ ይነካል። ከ2025 መገባደጃ ወዲህ ደግሞ የሜሞሪ ቺፕ ራሱ ተወደደ። ትልልቆቹ የመረጃ ማዕከሎች እየጠራረጉ ይገዙታል። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ሰው ይሸጥ የነበረውን ራምና ዲስክ እንደሚያቆም ተናገረ። ስለዚህ «ትንሽ ልጠብቅ፣ ባለ 16ቱ ይረክሳል» የሚለው የድሮ ምክር አሁን የሚያዋጣ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ የኛ ብር ይጨመርበታል። በጁላይ 2024 (ሐምሌ 2016) ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሳ፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አሜሪካ ያለ ልጅ ካርድ ሲደክምበት በሦስት ዓመቱ ሸጦ ይቀይራል። ጅማ ያለ ልጅ አንዴ ከገዛ ስድስት ሰባት ዓመት ይይዘዋል። ሪቪው ሠሪው «ለዛሬ ጌም ይበቃል» ሲል ለዚያኛው ልጅ ነው የሚናገረው።

የኛ ኮምፒውተር

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ። እዚህ ሰው ቤት የማየው ዴስክቶፕ አብዛኛው ከውጭ ቢሮ ወጥቶ የመጣ ዴል ወይም ኤችፒ ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 በብዛት ይታያል። ጠንካራ ዕቃ ነው፣ አልንቀውም። ግን ማስገቢያው ሦስተኛ ትውልድ ፒሲአይ ነው። በሙሉ 16 መስመር ቢሠራ በሰከንድ ወደ 16 ጊጋባይት ያሳልፋል። የ3070 የራሱ ሜሞሪ በሰከንድ 448 ጊጋባይት ነው። ጎረቤት ሄዶ መመለስ ምን ያህል እንደሚያዘገይ ከዚህ ገምቱ።

ይባስ ብሎ ብዙዎቹ አዳዲስ መካከለኛ ካርዶች 16ቱን መስመር አይጠቀሙም። አርቲኤክስ 4060፣ 5060፣ 5060 ቲአይ፣ አርኤክስ 6600፣ 7600 ሁሉም 8 መስመር ብቻ ናቸው። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ መስመሩ ራሱ ፈጣን ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። በኛ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ግን 16 የነበረው 8 ጊጋባይት ይሆናል። ሜሞሪው እስካልሞላ ድረስ ብዙ አይታወቅም። ሲሞላ ግን ቅጣቱ እጥፍ ነው። ለዚህ ነው 8 ጊጋ ሆኖ 8 መስመር የሆነ ካርድ ለአሮጌ ዴስክቶፕ አይመከርም የምለው። ውጭ የተሠራ ሪቪው ይህን አያሳያችሁም፤ እነሱ የሚሞክሩት አዲስ ማሽን ላይ ነው። 3060 ባለ 12ቱ፣ አርኤክስ 6700 ኤክስቲ እና 9060 ኤክስቲ ሙሉ 16 መስመር ናቸው።

የኢንቴሉ አርክ ቢ580 በ12 ጊጋ በዲሴምበር 2024 ሲወጣ 249 ዶላር ነበር። በወረቀት ላይ ለኛ የተሠራ ይመስላል። ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባል፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ ባንዴ እንዲያገኝ የሚያደርግ ነገር ማዘርቦርዱ ላይ ከሌለ ይወድቃል፤ ፕሮሰሰሩ ሲያረጅም ይንቀራፈፋል። ስድስተኛ ትውልድ ላይ አትሰኩት።

ከዚያ ፓወር ሰፕላይ አለ። የቢሮ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ከ180 እስከ 300 ዋት ነው። 3060 ብቻውን 170 ዋት ይበላል፤ አምራቹ ጠቅላላ 550 ዋት ይመክራል። የቢሮው ፓወር ሰፕላይ ለካርድ የሚሆን ገመድም የለውም። መሰኪያው የራሱ የካምፓኒው ስለሆነም ተራ ፓወር ሰፕላይ ያለ አዳፕተር አይገጥምም። ስንቱ ልጅ ካርዱን ገዝቶ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው ይህን የሚያየው! ኬዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ረጅም ካርድ ጭራሽ አይገባም። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው አለ። 70 ዋት ነው፣ ገመድ አይፈልግም፣ አጭር የሆነውም ይገኛል። ለነገ ጌም አይሆንም፤ ለዛሬው ማሽን ግን የሚሆነው እሱ ነው።

የመብራቱን ነገር ለጅማ ሰው ማስረዳት የለብኝም። ከኛ ብዙም ሳይርቅ ጊልጌል ጊቤ ከ2004 ጀምሮ 184 ሜጋዋት ያመነጫል፤ እኛ ደግሞ ሻማ አናጣም። ካርድን የሚጎዳው መሄዱ ብቻ አይደለም፣ አመጣጡም ነው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉት። ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ይረጋጋ። ለፍሪጅ ስታብላይዘር ገዝቶ የወር ደሞዝ የወጣበትን ካርድ በተራ ዲቫይደር የሚሰካ ሰው አይገባኝም።

ያገለገለ ሲገዛ

አንድ ጊዜ ተበልቻለሁ። ከዓመታት በፊት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ ብሎ አንድ ሻጭ ሸጠልኝ። ካርቶኑ አዲስ፣ ኮምፒውተሩም ሲከፈት «4 ጊጋ» ይላል። ቀላል ጌም ይሠራል። ከበድ ያለ ስከፍት ለሁለት ደቂቃ ይሄድና ስክሪኑ ይጠቁራል። ሳምንት ሙሉ ዊንዶውስ ስጭን ስነቅል ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ሲታይ ውስጡ ያለው ዕድሜ ጠገብ ባለ 1 ጊጋ ካርድ ነው። ባዮሱን፣ ማለትም ካርዱ ማንነቱን የሚናገርበትን የውስጥ ፕሮግራም ቀይረው ስሙን ዋሽተውለት ነው። 1 ጊጋው እስኪሞላ ይሠራል፤ ሲሞላ የሌለ ሜሞሪ ይፈልግና ይሞታል። ሻጩ ስልኩን ዘግቷል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ስሙ የተቀየረ ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ ሐሰተኛ መሆኑን ራሷ ትጽፋለች። የሜሞሪውን መጠንና የቢቱን ቁጥርም ታሳያለች። ቢቱ ወሳኝ ነው፤ ለምሳሌ በ2022 መጨረሻ 3060 በሚል ስም 8 ጊጋና 128 ቢት የሆነ ካርድ ወጥቷል። ስሙ ያው ነው፣ ካርዱ ግን ሌላ ነው። አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ደግሞ 2048 ኤስፒ የሚባለው የተቀነሰ ዓይነት ነው።

ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 በካርድ መቆፈር (ካርድን ቀን ከሌት እያሠሩ ገንዘቡን ማግኘት) ሲያቆም የቆፋሪ ካርድ ገበያውን አጥለቀለቀው። 3060ና 3070 በዚያ ዘመን የተሠሩ ናቸው። የቆፈረ ካርድ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ግን መቁፈር ከምንም በላይ የሚያደክመው ሜሞሪውን ነው። ሃያ ደቂቃ ከባድ ጌም ክፈቱና ሜሞሪው እስኪሞላ ጠብቁ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም ባለ ቀለም ካሬ ብልጭ ካለ ተዉት። ሻጩ «ድራይቨር ነው» ቢል እንኳ ተዉት።

ሜሞሪ ብዛት ብቻውንም አይበቃም። ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋ ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ አለ። ሜሞሪው ዲዲአር 3 ከሆነ ቀርፋፋ ነው፣ ካርዱም በ2014 የወጣ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ። ትልቅ ረከቦት ገዝቶ ቡናውን የሚቀዳ ማጣት ነው።

ለልጁ የነገርኩት ይህን ነው። አዲስ ለመግዛት አቅም ካለ 9060 ኤክስቲ ባለ 16ቱ፣ ወይም 5060 ቲአይ ባለ 16ቱ። ኤአይ ነገር መሞከር ለሚፈልግ ተማሪ ብዙው ፕሮግራም የተጻፈው አርቲኤክስን ለሚሠራው ለኤንቪዲያ ስለሆነ ሁለተኛው ይቀናዋል፤ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ መጀመሪያውን እመርጣለሁ። ያገለገለ ከሆነ 3060 ባለ 12ቱ ወይም 6700 ኤክስቲ። 6700 ኤክስቲ ፈጣን ነው፤ ግን 230 ዋት ይፈልጋል፣ በሬይ ትሬሲንግም ደካማ ነው። 8 ጊጋ የሚገዛው ዋጋው ዓይን የሚያስጨፍን ርካሽ ከሆነ ብቻ ነው። የዚያ 3070 ዋጋ እንዲህ አልነበረም።

ልጁ ሁለት ቀን አሰበበት። ሮብ ማታ ደወለ። 3060ውን ሊያይ ሲሄድ ጂፒዩ-ዚን ይዞ ሄዷል። 8 ጊጋ፣ 128 ቢት ይላል። ሻጩ «ሁሉም 3060 አንድ ነው» ብሎታል።

«ታዲያ ምን አልከው?»

«ምንም። ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ መጣሁ።»

አሁን ዱባይ የሚመላለስ የጓደኛው ወንድም አለ፤ እሱን እየጠበቀ ነው። ፓወር ሰፕላዩ በካርቶኑ አልጋው ሥር ተቀምጧል።